ከመለወጥ በፊት መለካት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሚኤሶ ውስጥ የቀረበ ንግግር)



በአጀንዳው ላይ ከእኔ ስም አጠገብ «የመኪና ኮምፒውተር ሽቦ» የሚል ያነበባችሁ ሁሉ ገርሟችሁ ይሆናል። እኔ የማኅበሩ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። በዚህ መድረክ ላይ እስከ ዛሬ የቆምኩት ገቢና ወጪ ለማንበብ ብቻ ነው። ዛሬም ቢሆን የመጣሁት ስለ አንድ የወጪ ሰነድ ለመናገር ነው። ሰነዱ ለፒክአፓችን ኮምፒውተር መግዣ የተከፈለበት ነው፤ በሰነዱ ላይ ያለው ፊርማ ደግሞ የእኔ ነው። ኮምፒውተሩ አያስፈልገንም ነበር። ይህን ከመዝገቡ ከማንበባችሁ በፊት ከእኔ አፍ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው በበጋው ነው። እንደምታውቁት ወተት የምንሰበስበው ጎህ ሲቀድ ነው። የግመል ወተት የያዙ እናቶች ከየመንደሩ መጥተው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ጀሪካናቸውን ደርድረው ይጠብቃሉ። ፀሐይ ሳይበረታ ጭሮ ካልደረሰ ወተቱ ዋጋው ይወርዳል፤ ከዘገየም ይበላሻል። በአንድ ጠዋት መኪናችን ወደ ጭሮ የሚወስደውን ዳገት ስትወጣ ሞተሯ በድንገት ጠፋ። ሾፌሩ ጥቂት ቆይቶ ሲሞክር ተነሳች። በማግሥቱ ደግሞ ጠፋች። በሦስተኛው ቀን ጭራሽ አልነሳም ብላ መንገድ ላይ ቆመች፤ የዚያን ቀን ወተት ከግማሽ በላይ ተደፋ። ያን ወተት ያመጡት እናቶች እዚህ ተቀምጠዋል፤ ስንት ጀሪካን እንደነበር ከእኔ መዝገብ ይልቅ እነሱ ያስታውሱታል።

መኪናዋን ጋራዥ አስገባናት። መካኒኩ ስካነር ሰካ። ስካነሩ ላይ አንድ ሳይሆን ብዙ የስህተት ኮድ ወጣ። «ይህን ሁሉ ኮድ በአንዴ ያመጣው ኮምፒውተሩ ነው፤ ተቃጥሏል» አለን። ያገለገለ ኮምፒውተር ከአዲስ አበባ እንዲመጣ ተወሰነ፤ ዋጋው ለስድስት አባላት ተዘዋዋሪ ብድር የሚበቃ ነበር። ከስድስቱ አንዷ እንኳ ብድሯ ለምን እንደዘገየ ስትጠይቀኝ «መኪናው ካልተሠራ ሁላችንም እንቆማለን» ብዬ መለስኩላት። ከዚያ ፈረምኩ።

ለምን ፈረምኩ? እውነቱን ልናገር። አንድ አባል የ50 ብር ደረሰኝ ሳታመጣ ብትቀር ሦስት ጊዜ የምጠይቅ ሰው ነኝ። «ኮምፒውተር» የሚለው ቃል ግን አስፈራኝ። የማላውቀውን ነገር ከጠየቅሁ አላዋቂነቴ ይታወቃል ብዬ ዝም አልኩ። አዲሱ ኮምፒውተር ተገጠመ፤ ቁልፉም ከእሱ ጋር እንዲተዋወቅ ሌላ ገንዘብ ተከፈለ። መኪናዋ ሁለት ሳምንት ሠራች። ከዚያ በዚያው ዳገት ላይ እንደገና ጠፋች።

በዚህ ጊዜ ነው የአንዲት አባላችን ልጅ የመጣችው። በቴክኒክና ሙያ አውቶ ኤሌክትሪክ ተምራለች። መኪናዋን ከማየቷ በፊት የጠየቀችን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ኮምፒውተሩ ከመለወጡ በፊት የተለካው የት ተጽፏል?» የትም አልተጻፈም። ምክንያቱም ማንም አልለካም። ይህ ጥያቄ የእኔ ጥያቄ መሆን ነበረበት።

ከዚያ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን እሷ ቴስተር ይዛ፣ እኔ ደብተር ይዤ አብረን ዋልን። ያየሁትንና የተማርኩትን ልንገራችሁ። መካኒክ እንድትሆኑ አይደለም፤ ገንዘባችሁ ሲወጣ መጠየቅ እንድትችሉ ነው።

መጀመሪያ ይህ ኮምፒውተር ምንድን ነው? ከእጅ መዳፍ ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ የብረት ሳጥን ነው። ብዙ ፒን ያላቸው ትልልቅ ሶኬቶች ይሰኩበታል። በየቦታው ያሉ ሴንሰሮች የሞተሩን ሙቀት፣ ፍጥነት፣ የሚገባውን አየር፣ የነዳጅ መርገጫውን ሁኔታ በሽቦ ይልኩለታል። እሱም ያንን አንብቦ ኢንጀክተሮች መቼና ምን ያህል ነዳጅ እንደሚረጩ ያዛል። ሥራው ከእኔ ሥራ ብዙም አይለይም። ሰነድ ይቀበላል፣ ያመሳክራል፣ ክፍያ ያዛል። የተሳሳተ ሰነድ ከደረሰው የተሳሳተ ክፍያ ያዛል። ሂሳብ ሲዛባ ደግሞ ሂሳብ ሠራተኛዋን ከማባረር በፊት ሰነዶቹን ማየት ይቀድማል።

ልጅቷ ይህን በዓይኔ እንዳይ አደረገች። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ኦን ላይ ሆኖ ከሞተሩ ውሃ ሙቀት ሴንሰር ላይ ሶኬቱን ነቀለችና ስካነሩን አሳየችኝ። በሚኤሶ ቀትር፣ ኮፈኑን በእጅ መንካት በማይቻልበት ሰዓት፣ ስካነሩ የሞተሩ ሙቀት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ነው አለ። ሴንሰሩ አልተበላሸም፤ ኮምፒውተሩም አልተበላሸም። መንገዱ ብቻ ነው የተቆረጠው። ስካነር የሚነግረን ችግሩ በየትኛው መስመር ላይ እንደታየ ነው፤ የትኛውን ዕቃ ግዙ አይለንም። ሴንሰሩ ሊሆን ይችላል፣ ሽቦው ሊሆን ይችላል፣ ሶኬቱ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ያንን የሚለየው ቴስተር ነው።

አሁን ወደ ልኬቱ ልግባ።

በመጀመሪያ የለካችው ባትሪውን ነው። በደንብ የተሞላ ባትሪ ሞተሩ ሳይነሳ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል። ሞተሪኖው ሲያዞር ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ሞተሩ ተነስቶ ዲናሞው ሲሞላ ከ13.5 እስከ 14.5 ገደማ ይሆናል። ባትሪው ደካማ ከሆነ ኮምፒውተሩም ይዘባርቃል፤ ስለዚህ ከዚህ በፊት ሌላ መለካት ድካም ነው። የእኛ ባትሪ ደህና ነበር። በደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

ሁለተኛው ስካነር የሚሰካበት ሶኬት ነው። ከመሪው በታች ያለ 16 ፒን ያለው ሶኬት ነው። አሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ለሚሸጡ መኪኖች ይህን አንድ ዓይነት ሶኬት ግዴታ ካደረገች ወዲህ በአብዛኛው ዓለም የተለመደ ሆኗል፤ ቁጥሮቹም በየመኪናው አንድ ናቸው። 16ኛው ፒን ከባትሪው ሁልጊዜ ኃይል ማግኘት አለበት፤ 4ኛውና 5ኛው ግራውንድ ናቸው። ስካነር ከመኪናው ጋር አልገናኝም ካለ ኮምፒውተሩ ሞቷል ከማለት በፊት እነዚህን ሦስቱን መለካት ይቀድማል። አንዳንዴ ጥፋቱ የአንዲት ፊውዝ ነው። ደግሞም ቁልፉ ኦን ላይ ሲሆን ሞተር ሳይነሳ የ«ቼክ ኢንጂን» መብራት መብራት አለበት። ጭራሽ ካልበራ፣ አምፖሉ ካልተቃጠለ በቀር፣ ኮምፒውተሩ ኃይል ወይም ግራውንድ አላገኘ ይሆናል።

ሦስተኛው ኮምፒውተሩ ጋ መድረስ ነው። በብዙ የቶዮታ ፒክአፖችና ትናንሽ መኪኖች ሊብሬ ከምናስቀምጥበት የዳሽቦርድ መሳቢያ ኋላ ይገኛል። መሳቢያው ይፈታል፣ ሳጥኑ ከኋላ ይታያል። በሌሎች መኪኖች ኮፈኑ ሥር ወይም ወንበር ሥር ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ልጅቷ ጥብቅ ነበረች። ሶኬቱን ከመንቀልዋ በፊት ቁልፉን አጠፋች፤ የባትሪውን ነጌቲቭ ፈታች። ከዚያም ወዲያው እጇን አላስገባችም። ኤርባግ ያለበት መኪና ነጌቲቩ ከተፈታ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ መቆየት አለበት አለችኝ፤ ውስጡ የቀረ ኃይል ኤርባጉን ሊያፈነዳው ስለሚችል ነው። በናፍጣ መኪኖች ላይ ሞተር እየሠራ የኢንጀክተር ሽቦ መንካትም ክልክል ነው፤ በዚያ መስመር የሚያልፈው ቮልቴጅ ከባትሪው ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ሶኬቱን ስትከፍት በመጀመሪያ በዓይኗ ነው ያየችው። ፒኖቹ አረንጓዴ ዝገት ይዘዋል? የታጠፈ ፒን አለ? ውሃ ገብቷል? አይጥ ሽቦ በልቷል? በእኛ አገር እህል የሚጫንበት መኪና ውስጥ አይጥ መገኘቱ አዲስ ነገር አይደለም። እኛ ጋ ሁሉም ንጹሕ ነበር። ሶኬቱን መልሳ ሰካች፣ ባትሪውንም አሰረች።

ከዚያ የቴስተሩን ጫፍ በፒኑ ፊት አልጨመረችም። ከሶኬቱ ጀርባ፣ ከሽቦው በኩል፣ በቀጭን ስፒል አስገብታ ነው የለካችው። ከፊት በኩል ወፍራም ነገር ከገባ ፒኑ ይሰፋና ነገ ሌላ ችግር ይፈጥራል። አምፖል የታሰረበትን የድሮ መፈተሻም አልነካችም። እንዲያ ያለው አምፖል ብዙ ኃይል ስለሚስብ ለኮምፒውተር መስመር አደጋ ነው፤ የውስጥ መቋቋሙ 10 ሜጋ ኦም የሆነ ዲጂታል ቴስተር ነው የሚያስፈልገው።

አራተኛው ኃይል ነው። ኮምፒውተሩ አንድ ሁልጊዜ ኃይል የሚያገኝ ፒን አለው፤ ሌላው ደግሞ ቁልፉ ሲከፈት በሪሌ በኩል ኃይል የሚያገኝ ነው። ሁለቱም የባትሪውን ያህል ማሳየት አለባቸው። አሳዩ። ጻፍኩ። ለሴንሰሮች የሚልከው 5 ቮልትም ትክክል ነበር። ያ 5 ቮልት ቢጠፋ ኖሮ፣ አለችኝ፣ ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ቮልቱ የትኛው ሲነቀል እንደሚመለስ ማየት ነው። አንድ የተበላሸ ሴንሰር የሌሎቹን ሁሉ መስመር ጎትቶ ሊጥል ይችላል፤ አንዱ ነው ጥፋተኛው፣ የሚታሙት ግን ሁሉም ናቸው።

አምስተኛው ግራውንድ ነው። የእኛም ነገር የተገኘው እዚህ ነው።

ግራውንድ ማለት ኃይሉ ሥራውን ሠርቶ ወደ ባትሪው ነጌቲቭ የሚመለስበት መንገድ ነው። ይህን ሞተሩ ጠፍቶ በኦም ቢለኩት ደህና ሊመስል ይችላል፤ አንዲት ቀጭን የሽቦ ክር ብቻ ብትነካካ እንኳ ቴስተሩ ያልፋታል። ስለዚህ ጭነት ሲኖርበት መለካት ነው። ሞተሩን አስነሳች፣ የፊት መብራቱን አበራች፣ ማራገቢያውን ከፈተች። የቴስተሩን አንድ ገመድ የባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የኮምፒውተሩ ግራውንድ ላይ አደረገች። የሚጠበቀው ከ0.1 ቮልት በታች ነው። ቴስተሩ 1.2 አሳየ። ከባትሪው ተነስቶ ከቦዲው ጋር የሚታሰረውን ሽቦ በእጇ ስትነቀንቀው ቁጥሩ ወደ 5 ዘለለ፤ ሞተሩም ዓይናችን እያየ ጠፋ።

ያ ሽቦ የታሰረው በፊት ፓራፋንጎው ውስጠኛ ክፍል ላይ ነው። ብሎኑን ስትፈታው ከሥሩ ያየነው አዲስ ነጭ ቀለም ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት መኪናዋ ተጋጭታ ፓራፋንጎው ተቀጥቅጦ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ሽቦው በቀለሙ ላይ ታስሯል። ቀለም ኃይል አያሳልፍም። ብሎኑ በጥርሱ ጥቂት ነክቶ ሲያሠራ ቆይቶ፣ ዳገትና ኮረኮንች ሲያንቀጠቅጠው እየለቀቀ ነው ሞተሩ ሲጠፋ የነበረው። አዲሱ ኮምፒውተር ሲገጠም ባትሪው ተፈትቶ ብሎኖች ሁሉ በደንብ ስለተጠበቁ ሁለት ሳምንት ታገሰን።

መፍትሔው አንድ የብርጭቆ ወረቀት ነበር። ቀለሙን እስከ ብረቱ ድረስ ፋቀችው፣ ሽቦውን መልሳ አጥብቃ አሰረች፣ እንዳይዝግ ከላይ ግራሶ ቀባችው። እንደገና ለካች፦ 0.04። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ በዚያ ዳገት ላይ አልጠፋችም።

መለኪያው ጥሩ ቢሆን ኖሮ ቀጣዩ ሥራ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ መፈተሽ ነበር። ባትሪው ተፈትቶ፣ ሶኬቱ ከሁለቱም ወገን ተነቅሎ፣ ከሴንሰሩ እስከ ኮምፒውተሩ ያለው ሽቦ ከ1 ኦም በታች ማሳየት አለበት፤ ከቦዲው ጋር ደግሞ ምንም መነካካት የለበትም፣ 10 ሺህ ኦምና ከዚያ በላይ። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ፣ ኃይሉም ግራውንዱም ሴንሰሩም ደህና ሆኖ፣ ኮምፒውተሩ ሥራውን ካልሠራ ያን ጊዜ ኮምፒውተሩን መጠርጠር ይቻላል። የመጨረሻው ተጠርጣሪ እሱ ነው። እኛ የመጀመሪያ አደረግነው።

የጋራዡን ሰው ለመውቀስ አልቆምኩም። ብዙ ኮድ አይቶ ተደናገረ፤ እኛም ቶሎ ሥራልን ብለን አስጨነቅነው። ፓራፋንጎውን ያስቀባነውም እኛው ነን፤ ሽቦው በምን ላይ እንደታሰረ የጠየቀ አልነበረም። ከሁሉም የሚቆጨኝ ደግሞ ይህ ነው፦ የቀድሞው ኮምፒውተራችን ደህና ነበር። ሲወጣ «አሮጌውን መልሱልን» አላልኩም። በኋላ ስንጠይቅ አልተገኘም። አንድ ቋሚ ንብረት ከመዝገባችን ላይ በዝምታዬ ወጣ።

እህቶቼ፣ ይህ ነገር ወደፊት እየበዛ እንጂ እየቀነሰ አይሄድም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን አሳውቋል። ስለዚህ በእጃችን ያለው መኪና ብዙ ዓመት ሊያገለግለን ይገባል። የኤሌክትሪኮቹ ሲመጡ ደግሞ ከእነዚህ የበለጠ ኮምፒውተርና ሽቦ ነው የሚኖራቸው።

ስለዚህ ጉባኤው እንዲያጸድቅልኝ የምጠይቀው አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ማንኛውም የመኪና ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከመገዛቱ በፊት የባትሪ፣ የኃይል፣ የግራውንድና የተጠረጠረው መስመር ልኬት በቁጥር ተጽፎ ከግዢ ጥያቄው ጋር ይያያዝ። ቁጥር የሌለበትን ጥያቄ እኔ አልፈርምም።

ሁለተኛ፣ የተለወጠ አሮጌ ዕቃ ሁሉ ወደ ማኅበሩ ይመለስና በንብረት መዝገብ ይግባ።

ሦስተኛ፣ መኪናዋ ቀለም በተቀባች ወይም ብየዳ በተሠራላት ቁጥር የግራውንድ ሽቦዎች ይታዩ። ብየዳ ሲሠራ ደግሞ ባትሪው ይፈታ፣ የኮምፒውተሩም ሶኬት ይነቀል፤ የብየዳ ኃይል በቦዲው አልፎ ኮምፒውተሩን በእውነት ሊያቃጥለው ይችላል። ለጀሪካኖቹ መደርደሪያ ልናስበይድ ማሰባችንን አስታውሱ።

አራተኛ፣ ማኅበሩ የራሱ ዲጂታል ቴስተር ይኑረው፤ ባትሪና ግራውንድ መለካትም ሾፌሩና ሁለት አባላት ይማሩ። አስተማሪዋ አለችን፤ ለቀኑም ተገቢው አበል ይከፈላት። የዚያን ቀን ሥራዋን በነጻ ነው የሠራችልን፤ እሱም በመዝገቤ ላይ ያልተከፈለ ዕዳ ሆኖ ይታየኛል።

ለድጋፍ ሰጪዎቻችን ደግሞ የምለው አለኝ። መኪናዋ የተገዛችው በከፊል በእናንተ ገንዘብ ነው። በዘንድሮው ሪፖርት «የጥገና ወጪ» የሚል አንድ መስመር ታገኛላችሁ። ከዚያ መስመር በስተጀርባ ያለው ይህ ነው፤ ሳልሸፍን ነግሬያችኋለሁ። ገንዘቡ አልተሰረቀም፤ ሳይጠየቅ ወጣ። ለባለገንዘቡ ግን ውጤቱ አንድ ነው።

ብድሯ ለዘገየባት እህታችንም በዚህ መድረክ ይቅርታ እጠይቃለሁ። «መኪናው ካልተሠራ ሁላችንም እንቆማለን» ብዬሽ ነበር። ለአንቺ የሚሆነውን ገንዘብ ማዘግየት ግን አያስፈልግም ነበር። መኪናዋ የፈለገችው የሚለካት ሰው ነበር።

ደብተሩ ከልኬቶቹ ጋር ቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ ማየት የምትፈልግ ሁሉ ትምጣ።